በቤት ለሚጠመቅ ላገር ቢራ የእርሾ ምርጫ

ላገር የተባለውን፣ በብርድ ፈልቶ በብርድ የሚያርፈውን ቢራ (በአገራችን ፋብሪካዎች የሚጠመቀውም አብዛኛው የዚሁ ወገን ነው) በቤቱ ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው፣ ስለ ብቅሉ ንጽሕናና ስለ ሆፑ መራራነት ሲጠበብ ሰንብቶ፣ እርሾውን ግን እንደ ተራ ነገር ቆጥሮ በእጁ የገባውን ቢጨምር፣ ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል፤ ከብቅሉ የወጣውን ስኳር ወደ አልኮል የሚለውጠው፣ የመጠጡንም ጣዕምና መዓዛ የሚወስነው ይህ ረቂቅ ፍጥረት ነውና።

የባቫርያው መስፍን አልብሬክት 5ኛ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1553 ዓ.ም.፣ በሙቀት ወራት የተጠመቀው ቢራ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል እስከ ቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ማለት ከኤፕሪል 23 እስከ ሴፕቴምበር 29 ድረስ፣ ጠመቃ እንዲቆም ዐወጀ፤ ቢራው በብርድ ወራት ብቻ መጠመቁም ብርድን የሚችለው እርሾ በሌላው ላይ እንዲሠለጥን ረዳው። የካርልስበርግ መሥራች ያኮብሰን በ1845 ከሙኒክ እርሾ ይዞ ወደ ኮፐንሃገን ሲመለስ፣ ሙቀት እንዳይገድልበት ሠረገላው በቆመበት ሥፍራ ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈስበት እንደ ነበር ይተረካል። በ1883ም በዚያው ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ፣ ሊቁ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ቢራውን የሚያበላሹት ከመልካሙ እርሾ ጋር የተደባለቁ የዱር እርሾዎች መሆናቸውን መርምሮ፣ ከአንዲት ሕዋስ ብቻ የተራባ ንጹሕ እርሾ ለየ፤ ያኮብሰንም ይህን ሀብት ሳይሰውር ለሌሎች ጠማቂዎች በነፃ ማደሉ፣ በእኔ አስተያየት ከቢራው ይልቅ ስሙን የሚያስከብርለት ሥራ ነው።

ኋላ በተደረገ ምርምር ይህ እርሾ ድቅል ሆኖ ተገኘ፤ አንደኛው ወላጁ ሊጥ ከሚያቦካው እርሾ ጋር አንድ ዝርያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከፓታጎንያ ጫካዎች ተገኝቶ በ2011 ለዓለም የተገለጠው ብርድ ወዳድ የዱር እርሾ ነው። ልጆቻቸውም በሁለት ነገድ ይከፈላሉ። ሳዝ የተባለው ብርዱን አብልጦ ሲታገሥ፣ ማልቶትሪዮዝ የተባለው የብቅል ስኳር ስለማይሆንለት በቢራው ውስጥ ይተወዋል፤ ፍሮበርግ የተባለው ግን ይህንንም ስለሚበላው ቢራው ደረቅ ያለ ይሆናል።

እንግዲህ መራጩ ከሁሉ አስቀድሞ በቤቱ ያለውን ብርድ ይለካ። ከ9 እስከ 13 ዲግሪ ሳይዋዥቅ የሚጠብቅ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ከሁለቱም ነገድ እንደ ወደደ ይምረጥ፤ ይህ የሌለው ግን ከፍሮበርግ ነገድ የሆነውን፣ ደርቆም በፓኬት የሚሸጠውን ቫይንሽቴፋን 34/70 ይያዝ፤ እስከ 18 ዲግሪ ቢሞቅበት እንኳ እንደ ብዙዎቹ የፍራፍሬ ሽታ አያበዛምና። እርሾ በብርድ ቀስ ብሎ ስለሚራባ መጠኑ ከሌላው ቢራ እጥፍ ይሁን፤ በ12 ዲግሪ ለሚፈላ 20 ሊትር፣ 11.5 ግራም የሚመዝነው ፓኬት ሁለት ያስፈልገዋል። በፍላቱ መካከል የሚወጣው የዲን ሽታ ማንንም አያስደንግጥ፤ ቢራው በብርድ ሲያርፍ ይጠፋል።

አብልጦ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ዲያሲቲል የተባለው፣ ቢራውን ቅቤ ቅቤ እንዲሸት የሚያደርገው ነገር ነው። እርሾው ራሱ መልሶ የሚያጠፋው ስለሆነ፣ ፍላቱ ሊያበቃ ሲል ሙቀቱን ወደ 17 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ማቆየት ይገባል። መጥፋቱን ለመመርመር ጠማቂው ከቢራው በሁለት ብርጭቆ ይቅዳና፣ አንደኛውን ከድኖ 60 ዲግሪ ያህል በሞቀ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያቁመው፤ ከዚያም አቀዝቅዞ ሁለቱን አከታትሎ ያሽትት። ገና ያልተገለጠው ዲያሲቲል በሙቀቱ ስለሚወጣ፣ የሞቀው ብርጭቆ ቅቤ ቅቤ ቢሸት እርሾው ሥራውን አልፈጸመምና ጥቂት ቀን ይጨመርለት፤ ሁለቱም ንጹሕ ከሸተቱ ቢራውን ቀስ በቀስ ወደ 0 ዲግሪ ግድም አውርዶ አራት ሳምንት ያህል ያሳርፈው።