ስለ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢልና ስለ ጎርጎራ መንገድ

ቀድሞ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ የሚወርድ መንገደኛ ለራሱ ስንቅ፥ ለበቅሎው ገብስ ይዞ ይነሣ ነበር። ዛሬ በኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣ ሰው ግን የአውቶሞቢሉን ቀለብ ከመንገድ አገኛለሁ ብሎ ይሄዳል። ይህ ቀለብ ኤሌክትሪክ መሆኑን አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ከኤሌክትሪኩ ጋር ኢንተርኔት የሚባለው የመልእክት መሥመር ካልኖረ ቀለቡ እንደማይገኝ የሚያስተውል ጥቂት ነውና፥ ስለዚሁ ነገር ልንጽፍ ወደድን።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በዝቷል። በአዲስ አበባም ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. የቻርጅ ጣቢያ ከፍቶ ሂሳቡን በቴሌብር መቀበል ጀምሯል። የኃይሉም ምንጭ ለጣና ሰው ሩቅ አይደለም፤ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ አውርዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጣና በለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እንግዲህ ጎተራው አለ፤ ችግሩ በበረኛው ዘንድ ነው።

የጣቢያው ሥራ እንዲህ ነው። ባለ አውቶሞቢሉ ገመዱን ሲሰካ የመሙያው ምሰሶ ወዲያው ኃይል አይሰጥም። ይህ ሰው ማን ነው፥ ገንዘብስ አለውን ብሎ በኢንተርኔት ወደ ሩቅ መዝገብ ቤት ይልካል፤ መዝገብ ቤቱም መዝገቡን ገልጦ «ይሰጠው» ሲል ይመልሳል። ያን ጊዜ ኃይሉ ይለቀቃል፤ ምሰሶው የሰጠውን በኪሎ ዋት ሰዓት እየቈጠረ ያስታውቃል፤ በመጨረሻም ሂሳቡ ይዘጋል። (ባለጉዳይ በደጅ ቆሞ የአንድ ሰው ፊርማ ሲጠበቅ ላየን ለእኛ ይህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም።) መልእክቱ ራሱ ግን እጅግ አጭር ነው፤ መጠኑ ከአንድ ፎቶግራፍ ብዙ ያንሳል። ስለዚህ መሥመር ሲመረጥ ስለ ፍጥነት የሚበዛው ንግግር ለጣቢያ አይረባም። የሚፈለገው አለመቋረጡ ነው።

መቋረጡም በብዙ መንገድ ይመጣል። መንገድ ሲቈፈር የፋይበር ገመድ ይቈረጣል። መብራት ሲጠፋ የሞባይሉ ማማ በባትሪ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ዝም ይላል፤ መብራቱ ሲመለስም ምሰሶው ከማማው ቀድሞ የተነሣ እንደ ሆነ መልስ የሚሰጠው ያጣል። የአማራ ክልል ሰው ደግሞ ከዚህ የበለጠውን አይቷል፤ በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ማለቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልሉ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቈይቷል። በዚያ ወራት በሲም ካርድ ብቻ የሚነጋገር ጣቢያ በጎርጎራ ዳር ቆሞ ቢሆን ኖሮ፥ ኃይሉ በሆዱ ሳለ ለማንም ባልሰጠ ነበር። ባላገሩ በደንገል ታንኳው ማንንም ሳያስፈቅድ ሐይቁን ሲቀዝፍ፥ ባለ ሚሊዮን ብሩ አውቶሞቢል ከዳር ቆሞ ባየው ነበር።

ጎርጎራን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በገበታ ለሀገር የተሠራው ማረፊያ በዚያ ነው። ከባሕር ዳር የሚነሣ ቤተሰብ በወረታና በአዲስ ዘመን አልፎ፥ ከአዘዞ ታጥፎ በቆላ ድባ በኩል እስኪደርስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ መንገዱም በሐይቁ ያልቃል። በአዲስ አበባ አንዱ ጣቢያ እንቢ ቢል ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል። በመንገድ መጨረሻ ላይ እንቢ የተባለ ሰው ግን ከልጆቹና ከአረጋዊት እናቱ ጋር እዚያው ያድራል፤ ከመካከላቸው የታመመ ቢኖር ነገሩ እጅግ ይከብዳል።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ጣቢያ የሚያቆም ሰው ሁለት መሥመር ያስገባ፤ ሁለቱም ከአንድ ማማ የሚመጡ ከሆኑ ግን ሁለት መባላቸው ለስም ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ምሰሶው መሥመር ባጣ ጊዜ የሚያደርገውን አስቀድሞ መወሰን ነው። በሆላንድ አገር የተጀመረው፥ ኦሲፒፒ የሚባለው የምሰሶዎች የጋራ ቋንቋ ለዚህ ሥርዓት አለው፤ የታወቁ ደንበኞች ዝርዝር በምሰሶው ውስጥ ይቀመጣል፤ መሥመሩ ሲጠፋ ምሰሶው ዝርዝሩን አይቶ ይሰጣል፥ የሰጠውንም ይዞ ቈይቶ መሥመሩ ሲመለስ ለመዝገብ ቤቱ ያስረክባል። ባለንብረቱ እንዳልታለል ብሎ ይህን ሥርዓት ሊዘጋው ይችላል። እኛ ግን አንድ ጊዜ የተሞላ ባትሪ በዱቤ ጠፍቶ ቢቀር፥ ቤተሰብ በመንገድ ከማደሩ ጋር ሲመዘን ቀላል ጉዳት ነው እንላለን። የአገራችን ባለሱቅ ለሚያውቀው ሰው በዱቤ ሲሰጥ ኖሯል፤ የብረት ምሰሶ ከእርሱ ይልቅ ንፉግ የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም። ለማይታወቅ እንግዳም ጠባቂው በዝርዝሩ የተመዘገበ የጣቢያውን ካርድ ይያዝ፤ ጥሬ ብር ተቀብሎም ደረሰኝ ይስጥ።

መንገደኛው ደግሞ በስልኩ ካርታ ላይ ጣቢያው ስለ ታየ ብቻ አይመን፤ መሥመሩ የጠፋበት ጣቢያ ደኅና ይሁን ብልሹ ከሩቅ አይታወቅምና። አዘዞ ሳይታጠፍ ለጠባቂው በድምፅ ይደውል፤ ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ስልኩ የሚሠራበት ጊዜ አለ። መልስ ካጣ ጎንደር ገብቶ፥ ባረፈበት ቤት ገመዱን ከግድግዳው ሶኬት ሰክቶ ይደር። የቤት ሶኬት ቀስ ብሎ ይሞላል እንጂ ማንነቱን አይጠይቀውም፤ ከጎንደር ጎርጎራ ደርሶ መልስም ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው።