ያውቁ ኖሯል? ከናኖሜትር እስከ ሺህ ኪሎሜትር

ዓይናችን አረንጓዴ አድርጎ የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 550 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር 1 ቢሊዮን ናኖሜትር ስለሆነ፣ ይህ በሜትር ሲጻፍ 0.00000055 ይሆናል። ዜሮ ሲቆጥሩ መሳሳት ቀላል ነው፤ ስለዚህ 5.5 × 10⁻⁷ ብሎ መጻፉ ይሻላል። በቆዩ የፊዚክስ መጻሕፍት ያው ብርሃን 5,500 አንግስትሮም ተብሎ ይገኛል። በስዊድናዊው ሊቅ በአንደርስ ዮናስ አንግስትሮም የተሰየመው ይህ መለኪያ የናኖሜትር አንድ አሥረኛ ነው።

አሁን ደግሞ ሬዲዮ ይክፈቱ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲባል ቁጥሩ የሞገዱ ድግግሞሽ ነው፤ በሜጋኸርዝ። ርዝመቱን ለማወቅ 300ን ለ97.1 ያካፍሉ፦ 3.09 ሜትር ያህል ያገኛሉ። 300 የመጣው ብርሃንም ሆነ የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ ወደ 300 ሺህ ኪሎሜትር ስለሚጓዝ ነው። ይህ ሞገድ ከአረንጓዴው ብርሃን 5.6 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይረዝማል!

ከዚህም የባሰ አለ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ ውኃ ውስጥ ላሉ ሰርጓጅ መርከቦቹ በ76 ኸርዝ መልእክት ይልክ ነበር። የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 3,900 ኪሎሜትር፣ በናኖሜትር 3.9 × 10¹⁵ ነው።

እጅግ የሚያስደንቀው ግን ሜትር ራሱ በሞገድ የተለካበት ዘመን መኖሩ ነው። ከ1960 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. አንድ ሜትር ማለት የክሪፕቶን-86 ብርቱካንማ ቀይ ብርሃን 1,650,763.73 ሞገዶች ተደርድረው የሚሸፍኑት ርዝመት ነበር፤ እያንዳንዱ ሞገድ 606 ናኖሜትር ያህል።