ሯጮቹን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ብስክሌተኞቹንስ?

ካምፕ ውስጥ ያለ የሰባት ዓመት ልጅ "አበበ ቢቂላ ማን ነው?" ብትሉት ይመልስላችኋል። "ገረመው ደንቦባስ?" ስትሉ ግን አዋቂውም ዝም ነው። እኔም ስሙን የሰማሁት 12ኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው በ1949 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1956) አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ላይ ነው። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት ማለት ነው። የሄዱት 12 ስፖርተኞች ነበሩ፣ የተወዳደሩትም በሁለት ስፖርት ብቻ ነው፦ በሩጫና በብስክሌት። ከሯጮቹ አንዱ ያኔ ወጣት የነበረው ማሞ ወልዴ ነው። ከብስክሌተኞቹ መካከል ገረመው ደንቦባና መስፍን ተስፋዬ ነበሩ። እንግዲህ ብስክሌት የኦሎምፒክ ታሪካችን ታናሽ ወንድም አይደለም፤ ከሩጫ ጋር መንታ ሆኖ ነው የተወለደው።

የዚያን ቀን የጎዳና ውድድር 187 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በኛ አገር ቋንቋ ልንገራችሁ፦ ከሞያሌ ተነስታችሁ ሶሎሎን፣ ከዚያም ቱርቢን አልፋችሁ ወደ ማርሳቢት እየተጠጋችሁ ነው። ያውም በአንድ ትንፋሽ። የቡድን ውጤት የሚሰጠው ደግሞ የሦስት ተወዳዳሪዎች ደረጃ ተደምሮ ስለነበር አንድ ጎበዝ ብቻውን አገሩን ደረጃ ውስጥ አያስገባም። ቢያንስ ሦስት ሰው መጨረስ አለበት። የኛዎቹ ይህን አሟልተዋል።

ብዙ ሰው የማይገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። ብስክሌት ሲታይ የግል ስፖርት ይመስላል፣ ግን የቡድን ነው። ምክንያቱ ንፋስ ነው። ሜዳ ላይ በፍጥነት የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ጉልበቱን የሚጨርሰው አየር በመግፋት ነው። ከፊቱ ሌላ ሰው ካለና ጎማውን ተጠግቶ ከነዳ ግን ከጉልበቱ ሩብ እስከ ሲሶ ይተርፈዋል። ስለዚህ እየተፈራረቁ ይመራሉ፤ አንዱ ለጥቂት ደቂቃ ደረቱን ለንፋስ ይሰጣል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል። ንፋሱ ከጎን ሲመጣ ደግሞ መንገዱን አቋርጠው በሰያፍ ይሰለፋሉ። የማርሳቢትን ንፋስ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ፤ 365 የኤሌክትሪክ ማመንጫ ማማዎች ወደ ቱርካና ሐይቅ በኩል የተተከሉት ያለ ነገር አይደለም።

ታዲያ ብስክሌተኛ የት ይፈጠራል? አስመራን እዩ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ምፅዋ ባሕሩ ዳር ነው። በመካከሉ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ አስፋልት አለ። ብስክሌቱን ያመጡት ጣልያኖች ናቸው፣ ውድድሩን ግን ለራሳቸው ብቻ አድርገውት ነበር። በ1939 እ.ኤ.አ. ኤርትራውያን ከጣልያኖች ጋር እንዲወዳደሩ ሲፈቀድ ያሸነፈው ገብረማርያም ገብሩ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! በ1946 የኤርትራ ዙር ውድድር ተጀመረ፣ ባህሉም ከአባት ወደ ልጅ ወረደ። በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ቀን ያሸነፈውና አረንጓዴውን ማልያ የወሰደው ቢንያም ግርማይ የዚያ መንገድ ልጅ ነው።

በኛ በኩል መቀሌ እንዲህ ያለ ቦታ ናት። ፅጋቡ ግርማይ ከዚያ ተነስቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ባሕር ዳርም ሳይክል የሞላባት ከተማ ናት፤ እዚያ ግን ሳይክሉ በአብዛኛው ለገበያና ለትምህርት ቤት ነው። ይሄም ቢሆን መናቅ የለበትም።

አሁን ያለንበትን ኬንያንም እንይ። ቱር ደ ፍራንስን አራት ጊዜ ያሸነፈው ክሪስ ፍሩም የተወለደው ናይሮቢ ነው። ከናይሮቢ አጠገብ ኪኩዩ የምትባል ቦታ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሆኖ ልጆችን የሚያሰለጥን ዴቪድ ኪንጃ የሚባል ብስክሌተኛ ነው ያስተማረው። ሌላም አለ፦ በየቀኑ "ቦዳ ቦዳ" የምንለው ቃል የመጣው ከሞተር አይደለም። በኬንያና በዩጋንዳ ድንበር ላይ ሰውና ዕቃ በሳይክል የሚያሻግሩ ልጆች "ቦርደር፣ ቦርደር" እያሉ ሲጣሩ ነው የተወለደው። የድንበር ሰው ቃል ነው፤ የኛ ዓይነት ሰው።

ወደ ስደተኛው ልምጣ። እየሩ ገብሩ የትግራይ ልጅ ናት። ስዊዘርላንድ ባለው ዓለም አቀፍ የብስክሌት ማዕከል ሰልጥናለች። አገር ቤት ጦርነት ሲነሳ ፈረንሳይ ውስጥ ጥገኝነት ጠየቀች። በ2024 ፓሪስ ላይ በስደተኞች ኦሎምፒክ ቡድን ስር የሴቶችን የጎዳና ውድድር ገባች። ቡድኑ 37 ስፖርተኞች ነበሩት። ከዚያ በፊት በ2016 ሪዮ ላይ በዚሁ ቡድን ኢትዮጵያዊው ዮናስ ክንዴ ማራቶን ሮጧል፤ ከካኩማ ካምፕ የወጡ ደቡብ ሱዳናውያን ሯጮችም ነበሩ።

ልብ በሉ፣ ከኬንያ ካምፕ የወጡት ሯጮች ናቸው። ብስክሌተኛ አልወጣም፣ ምክንያቱም ከእግር ጥንካሬ ጋር አይገናኝም። ሯጭ በካምፑ ዙሪያ መቶ ጊዜ ሊዞር ይችላል። ብስክሌተኛ ግን በቀን መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ይፈልጋል፣ ስደተኛ ደግሞ ከካምፕ ርቆ ለመሄድ የጉዞ ፈቃድ ወረቀት ይፈልጋል። የኮርስ ብስክሌት ዋጋም እንኳን ለኛ ለደሞዝተኛም ከባድ ነው። እዚህ ያለው ብላክ ማምባ የሚሉት ጥቁሩ ከባድ ሳይክል ነው፣ አንድ ማርሽ ብቻ ያለው፤ ጀሪካን ለመጫን እንጂ ለመሽቀዳደም አልተሠራም።

"ቲቸር፣ እኛስ?" ለሚሉኝ ተማሪዎች የምመልሰው እውነቱን ነው። የስደተኞች ቡድን የሚያየው የስደተኝነት እውቅና ያለውንና በስፖርቱ ቀድሞ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰውን ነው። ስለዚህ ምዝገባችሁ ላይ ስማችሁና የልደት ቀናችሁ በትክክል መጻፉን ዛሬውኑ አረጋግጡ፣ የተሳሳተ ካለ ለማስተካከል ጊዜ ይፈጃል። ጎማ ተጠግቶ መንዳትን ግን በብላክ ማምባም መልመድ ይቻላል፤ ሦስት ልጅ፣ ሦስት ሳይክልና ባዶ ሜዳ ይበቃል። ከፊት ያለው በድንገት ፍሬን እንዳይዝ ብቻ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አስፋልት ላይ ስትወጡ ደግሞ ኬንያ በግራ፣ ኢትዮጵያ በቀኝ እንደሚነዳ አትርሱ። ድንበሯን ስታልፉ ጎናችሁን ቀይሩ።