ምዕራፍ 7፦ ሲኒው ይቆይ ወይስ ይነሳ?

ሩሲያኛ የጀመረ ሰው ሁሉ ገና በመጀመሪያው ወር የምትታደለው ሠንጠረዥ አለች። በአንድ በኩል «ኡሾል፦ በእግሩ ሄደ»፣ በሌላው በኩል «ኡዬኻል፦ በመኪና ሄደ» ትላለች። ይህቺን ሠንጠረዥ ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ተማሪው ሸምድዷት ይወጣና ፌርማታ ላይ የቆመ ሩሲያዊ «አፍቶቡስ ኡሾል» ሲል ይሰማል፤ አውቶቡሱ አመለጠን ማለቱ ነው። አውቶቡስ እግር አለው እንዴ? ተሳፋሪው ኡዬኻል፣ አውቶቡሱ ኡሾል። ባቡሩም እንደዚሁ። ሠንጠረዧ ይህን የምታስረዳበት መላ የላትም።

የእግርና የጎማ ነገር ለሰው ሲሆን እውነት ነው፤ ግን ተከታይ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ እኛ ቀሪዎቹ የሄደውን እንጠብቀው ወይስ አንጠብቀው የሚለው ነው።

ጎፋ ውስጥ አንድ ቤት ቡና ተፈልቷል እንበል። አቦሉ እንደተቀዳ አንዷ ጎረቤት ብድግ አለች። «አና ቪሽላ» ካልን ደጅ ስልክ ልታነጋግር ነው፤ ሲኒዋ ረከቦቱ ላይ ይቆያታል። «አና ኡሽላ» ካልን ወደ ቤቷ ወይም ወደ ገበያ ሄዳለች፤ ሲኒዋ ይነሳል። «አና ኡዬኻላ» ካልን ሐዋሳ ወይም ደብረ ብርሃን ናት፤ ሲኒው ታጥቦ ቁም ሳጥን ገብቷል። «አና ኡዬዣላ» ሲባል ግን ልብ በሉ፤ ሄዳ ነበር፣ ተመልሳለች፤ ሲኒው ከቁም ሳጥን ወጥቶ እንደገና ተቀድቶላታል። «አና አታሽላ» ከሆነ ከረከቦቱ ፈንጠር ብላ ቆማለች፤ ሲኒው እጇ ላይ ነው። ለበረካ የደረሰችው እንግዳ «ፕሪሽላ»፤ ሲኒ ይጨመርላት። ከሰሉ ከስሞ ሁሉም ወደየቤቱ ሲበተን «ራዛሽሊስ»፤ ረከቦቱ ራሱ ይነሳል።

ከማታ ተማሪዎቼ አንዷ የምትሠራበት ቢሮ አንድ ሩሲያዊ ደወለ። ሥራ አስኪያጁ ምሳ ሊበሉ ወርደዋል። እሷ ሠንጠረዧን አስባ፣ በመኪና ስለሄዱ «ኡዬኻል» አለች። ሰውዬው ከከተማ የወጡ መስሎት የከሰዓቱን ቀጠሮ ሰረዘ። «ቪሸል» ብትል ኖሮ መልሶ ይደውል ነበር።

ኡዬኻላንና ኡዬዣላን በፊደላችን መጻፌን የሚቃወሙ መምህራን አሉ፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን በሩሲያ ፊደል ብቻ ይጻፍ ይላሉ። አልስማማም። ዣንጥላ ብሎ የሚጽፍ ሰው «ዣ»ን ለመስማት አዲስ ፊደል እስኪለምድ ለምን ይጠብቃል? ፊደላችን የሩሲያኛን አጽንዖት አያሳይም፤ እሱንም በእስክሪብቶ ከላይ ጫር ማድረግ ይበቃል። በደርግ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሶቪየት ኅብረት ተምረው ተመልሰዋል። ከመካከላቸው ያነጋገርኳቸው የመሄድን ግስ የያዙት በዶርም ኮሪደር «እገሌ አለ?» እየተባሉ ነው፤ በጆሮ።

ታክሲ ውስጥም ያው የ«ቪሽላ» መነሻ «ቪ» ያገለግላል። ከጎፋ ማዞሪያ ስንሳፈር «ወራጅ አለ!» ብለን እንጮኻለን። ሞስኮ አውቶቡስ ውስጥ በሩን የዘጋብንን ሰው ቀስ ብለን «ቪ ቪኾዲቴ?» እንለዋለን፤ ይወርዳሉ? ካልወረደ ያሳልፈናል።

ተነስተን ስንሰናበት ደግሞ «ያ ፓሾል» እንላለን። ገና በሩን ሳንከፍት በኃላፊ ጊዜ! ተማሪዎች እዚህ ላይ ሲገረሙ እኔ በነሱ እገረማለሁ። «በሉ ሄድኩ» የምንለው ቁጭ ብለን አይደለም? ሱቅ ልንወርድ ስንል «መጣሁ» እንል የለም? ዩሪ ጋጋሪን ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ሲነሳ የተናገራት ዝነኛ ቃል «ፓዬኻሊ» በቅርጿ ኃላፊ ጊዜ ናት፤ ሮኬቱ ግን ገና መነሳቱ ነበር።

«ያ ኡኻዡ» ከዚህ ይከብዳል። እንግድነት ሄዳችሁ ካፖርታችሁን እየለበሳችሁ ብትሉት ችግር የለውም። ለትዳር ጓደኛ ግን ፊት አጨፍግጎ፣ ወዴት እንደሆነ ሳይጠቅሱ ብቻውን ከተናገሩት ጥዬሽ መሄዴ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ጠዋት ከቤት ስትወጡ መድረሻውን ጨምሩበት፦ «ያ ኡኻዡ ና ራቦቱ»፤ ወደ ሥራ መሄዴ ነው።