«የት ጋ ነህ?» የሚለው ጥያቄና የሞባይል ካርታ

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ዓለም ገና የደረሰ እንግዳ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ ያገኘዋል። አንደኛው በሰበታ አድርጎ ወደ ጅማ፣ ሁለተኛው ወደ ቡታጅራ ይሄዳል። እንግዳው አቅጣጫ ቢጠይቅ የሚሰጠው መልስ እንደሚታወቀው «ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ወፍጮ ቤቱን ስታልፍ ወደ ግራ ታጠፍ፣ እዚያ ስትደርስ ጠይቅ» የሚል ነው። የቤት ቁጥር የሚጠቅስለት የለም። ታዲያ ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ቦታ ያውቃል ሲባል የሚያውቀው ምኑን ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ አሠራሩን እንይ። ጂፒኤስ የሚባለው ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሚዞሩ ሳተላይቶች የሚሠራ ነው። ለሥራው ቢያንስ 24 ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት ያለበትን ቦታና ሰዓቱን ሳያቋርጥ ያሰራጫል። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ስልኩ መልእክቱ ስንት ጊዜ እንደፈጀ በማስላት ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት ያገኛል። የሦስት ሳተላይቶች ርቀት ቦታውን ይሰጣል። አራተኛው ደግሞ የስልኩን ሰዓት ስሕተት ለማረም ነው፤ የአንድ ሺኛ ሰከንድ ስሕተት 300 ኪሎ ሜትር ያሳስታልና!

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። ስልኩ ከሳተላይቱ ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይቱ ምንም አይልክም። በመሆኑም ጂፒኤስ ብቻውን ካርድ አይበላም። ካርድ የሚበላው የካርታው ሥዕል ሲወርድ ነው። ኦስማንድን የመሰለ አፕ ያለው ሰው ዋይፋይ ባለበት ካርታውን አስቀድሞ ቢያወርድ፣ ኔትወርክ በሌለበት ገጠር ለልምምድ ቢመደብም ይሠራለታል።

እንግዲህ ይህ አሠራር ለትምህርት ቤት ሥራ የዋለው በሌላው ዓለም ቀደም ብሎ ነው። በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ፎርስኩዌር በሚባል አፕ ተማሪዎችና ጎብኚዎች ግቢውን እየዞሩ እንዲያውቁ አድርጎ ነበር። ሰው አንድ ቦታ ሲደርስ «ደርሻለሁ» ብሎ ይመዘግባል፣ ነጥብ ያገኛል። አንድን ቦታ አዘውትሮ የጎበኘ የዚያ ቦታ «ከንቲባ» ይባላል። (በእኛ ግቢ ቢሆን የሻይ ቤቱ ከንቲባ ማን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።) ሆኖም የፎርስኩዌር የከተማ መሪ አፕ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ተዘግቷል። እኔ እንደሚመስለኝ ሹመትና ነጥብ ሰውን የሚስበው ለጥቂት ጊዜ ነው። ሰው ወደ ካርታ የሚመለሰው የሚፈልገውን ስም ሲያገኝበት ነው።

በአገራችን ሳምራዊት ፍቅሩ ባቋቋመችው በራይድ መኪና የጠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ነጥቡ ካርታው ላይ ተተክሎ እያለ ሾፌሩ ደውሎ «የት ጋ ነህ? ከምን ፊት ለፊት?» ይላል። ሾፌሩ ሰንፎ አይደለም። ነጥቡ ከመንገዱ በየትኛው ወገን እንደሆንክ፣ በየትኛው በር እንደምትወጣ አይነግረውም። ደግሞም የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ገልጥ ባለበት ሜዳ እንኳ 5 ሜትር ያህል ይስታል። ዛፍ ሥርና ፎቅ አጠገብ ከዚያም ይብሳል።

አምስት ሜትር ምን አላት የሚል ይኖራል። ለሚያይ ሰው ምንም አይደለችም፣ ቀሪውን በዓይኑ ይጨርሳል። ነገር ግን በአቅራቢያችን፣ በሰበታ፣ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። ከእኛ ከዕጩ መምህራን መካከልም ማየት የተሳናቸውን የምናስተምር እንኖራለን። ለእነርሱ አምስት ሜትር በበሩና በቦዩ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ሳውንድስኬፕ የሚባል አፕ አውጥቶ ነበር። በጆሮ ማዳመጫ በስተቀኝ ያለውን ሕንፃ በቀኝ ጆሮ፣ በስተግራ ያለውን በግራ ጆሮ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኩባንያው አገልግሎቱን ቢያቆምም፣ ሌሎች እንዲሠሩበት ፕሮግራሙን ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። አፑ ስሞቹን የሚያነበው ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው ነፃ ካርታ ነበር። በካርታው ላይ ስሙ ያልተጻፈ በር ሲታለፍ አፑ ዝም ይላል። ስሙ ቢጻፍም መንገድ ለመሻገር ነጭ በትሩ ይቀድማል፤ ይህን ለተማሪ ሳይነግሩ ስልክ መስጠት አይገባም።

ኦፕንስትሪትማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ሲሆን ማንም ሰው ተመዝግቦ ሊያርመው ይችላል። ለአንድ ቦታም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ስም መጻፍ ይቻላል። ስም ትንሽ ነገር አይደለም። በቡታጅራው መንገድ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው መልካ ቁንጡሬ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከባልጩት ጋር ነው። ባልጩት የሚለውን ስም በእኛ ፊደል ያነበበ፣ ያ ጥቁር ስለታም ድንጋይ እዚያ እንዳለ ወዲያው ይገባዋል። በባዕድ ፊደል ብቻ የተጻፈ ካርታ ግን ይህን አይነግረውም። በዚሁ መንገድ አዳዲ ማርያምና እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገበው የጢያ ትክል ድንጋይም አሉ። ወደዚያ የሚሄድ ጎብኚ ዓለም ገናን አልፎ ነው የሚሄደው።

ታዲያ ሥራው ከየት ይጀመር? ከግቢያችን ቢሆን ይሻላል እላለሁ። ነጥቡ በግቢው መሐል ሳይሆን በሩ ላይ ይተከል፣ ምክንያቱም አዲስ ገቢ ሠልጣኝም ሆነ ልጁን ሊጠይቅ የመጣ ወላጅ የሚፈልገው በሩን ነው። ከዚያ ቀጥሎ ታክሲ የሚያወርድበት ቦታ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይመዝገቡ። የሰው መኖሪያ ቤትና የሰው ስም ግን አይጻፍ። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ስልኩን ይይዛል፣ ሌላው የቦታውን ስም ከዘበኛውና ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ይጠይቃል።