አንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ ይሸጣል?

አንባቢ ሆይ፤ ያገለገለ መጽሐፍ ገዝተው ያውቃሉ? እኔ በኮሌጅ ሳለሁ የተማርሁባቸውን መጻሕፍት አብዛኞቹን የገዛሁት ከእኔ በፊት ከተማሩባቸው ሰዎች ነው። በአንደኛው መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሦስት ሰዎች ስም ሰፍሮ ነበርና አራተኛውን እኔ ጨመርሁበት፤ ዓመቱ ሲያልቅም ለአምስተኛው ሸጥሁት። ከዚህ ሁሉ መሸጥና መግዛት ደራሲው ያገኘው ከመጀመሪያው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ደራሲውን በደልሁት ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። እርስዎም ሳያስቡት አልቀሩም ብዬ አልገምትም።

ይኸው ነገር በቪዲዮ ጨዋታ ላይ በመጣ ጊዜ ግን በአሜሪካ፣ በጃፓንና በአውሮፓ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ክርክር አስነሥቷል። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ክርክሩ የቆመበት ሕግ ከቪዲዮ ጨዋታ እጅግ ይቀድማል። ቦብስ ሜሪል የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ ድርጅት በአንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ላይ፣ ይህን መጽሐፍ ከአንድ ዶላር በታች የሚሸጥ ነጋዴ መብቴን እንደ ደፈረ እቈጥረዋለሁ የሚል ማስጠንቀቂያ አትሞ ነበር። የኒውዮርኩ የሜሲ መደብር ግን በ89 ሳንቲም ሸጠው። ጉዳዩ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1908 ዓ.ም. ዳኞቹ፣ አሳታሚው መጽሐፉን አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ ገዢው በስንት ዋጋ መልሶ እንደሚሸጠው የማዘዝ ሥልጣን የለውም ሲሉ ፈረዱ። የጃፓን ጨዋታ አሳታሚዎችም ያገለገለ ጨዋታ የሚሸጡትን ነጋዴዎች ከስሰው በ2002 ዓ.ም. በአገራቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረቱ።

እንግዲህ ሕጉ ከገዢው ጋር ነበር። ገንዘቡ ግን ወዴት ሄደ? ነገሩን በቍጥር እንየው። በአሜሪካ አንድ አዲስ ጨዋታ ለብዙ ዓመታት የተሸጠው በ60 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ ለቸርቻሪው የሚተርፈው ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ነው፤ የቀረው ወደ አሳታሚውና ወደ ሠሪዎቹ ይሄዳል። እንበልና አንድ ወጣት ጨዋታውን ጨርሶ ዲስኩን በ20 ዶላር ለመደብሩ መለሰው፤ መደብሩም ለሌላው በ40 ዶላር ሸጠው። አሁን 20ው ዶላር በሙሉ የመደብሩ ነው። ጌምስቶፕ የተባለው ኩባንያ በ2009 ዓ.ም. ገደማ ካገለገለ ዕቃ ብቻ በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ ከሽያጩም ግማሽ የሚያህለው ጥቅል ትርፍ ነበር። ስለዚህ የመደብሩ ሻጭ አዲሱን ጨዋታ ሊገዛ የመጣውን ሰው፣ ያገለገለው በ55 ዶላር አለልዎ እያለ ማግባባቱ አያስደንቅም።

በዚህ ጊዜ ሠሪዎቹ ጮኹ። ኳንቲክ ድሪም የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት ሄቪ ሬይን የተባለ ጨዋታ ሠርቶ ወደ 2 ሚሊዮን ያህል ተሸጠለት፤ የተጫወቱት ሰዎች ግን ከ3 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው በመዝገብ ታየ። የድርጅቱ ሹም በ2011 ዓ.ም. ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ዩሮ አጣን ብለው ተናገሩ።

እኔ ይህን ሒሳብ በሙሉ አልቀበለውም። ለምን ቢሉ፣ በ40 ዶላር የገዛው ሰው ሁሉ ያገለገለው ባይኖር ኖሮ 60 ዶላር ይከፍል ነበር ማለት አይቻልም፤ ብዙው ትቶት ይሄድ ነበር። ደግሞም አሮጌውን የሸጠው ወጣት 20ውን ዶላር ይዞ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ሌላ አዲስ ጨዋታ ነው። መልሶ ሊሸጠው እንደሚችል ማወቁም 60 ዶላር ለማውጣት ድፍረት ይሰጠዋል። ነገር ግን ለሠሪዎቹ ላዝንላቸው የሚገባኝ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መጽሐፍ ይቀደዳል፣ ልብስ ይነትባል፣ በዲስክ ላይ ያለው ጨዋታ ግን ካልተጫረ በቀር መቶኛው ሰው ዘንድ ሲደርስም እንደ አዲስ ነው። ስለዚህ ያገለገለው ከአዲሱ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ እኩል ይወዳደራል፤ 5 ዶላርም ይረክሳል። (በእኛ ከተሞች በየሰፈሩ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች አንዱ የገዛውን ጨዋታ ሰፈሩ ሁሉ እየከፈለ ይጫወትበታል፤ ግን እርሱ ራሱን የቻለ አርእስት ነው።)

አሳታሚዎቹ መላ ፈለጉ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2010 ዓ.ም. ያገለገለ የስፖርት ጨዋታ የገዛ ሰው በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ለመጫወት 10 ዶላር እንዲጨምር አደረገ፤ ገዢው ስለ ጠላው በ2013 ዓ.ም. ተወው። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት የባሰውን አመጣ። ኤክስቦክስ ዋን የተባለው አዲስ መሣሪያው በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ አያጫውትም፤ ጨዋታውንም መልሶ መሸጥ የሚቻለው አሳታሚው ሲፈቅድ በተመረጡ መደብሮች ብቻ ነው ተባለ። ጁን 10 ቀን ሶኒ በአዳራሽ ቆሞ፣ የእኛን ጨዋታ ግዙ፣ ሽጡ፣ አውሱ ቢል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ፊልምም አወጣ፤ አንዱ ሰው ዲስኩን ለሌላው ሲሰጥ ይታያል፤ ማዋስ ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ማይክሮሶፍት በዘጠነኛው ቀን ሐሳቡን ለወጠ።

ገዢው ያሸነፈ መስሎት ነበር። ግን ዲስኩ ራሱ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሰው ከሱቅ መሄድ ትቶ ጨዋታውን በኢንተርኔት ማውረድ ለመደ፤ በ2013 ዓ.ም. አዳራሹን ያስጨበጨበው ያው ሶኒም በ2020 ዓ.ም. አምስተኛውን ፕሌይስቴሽን ሲያወጣ አንዱን ዓይነት ዲስክ የማይገባበት አድርጎ በ100 ዶላር አርክሶ ሸጠው። ሕግ ያልከለከለውን፣ ድርጅት በግድ ያልቻለውን፣ የራሳችን ምቾት ፈጸመው። የወረደን ጨዋታ ለወንድምዎ አያወርሱትም፣ ወደ ሱቅም አይመልሱትም። በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ሰዎች በየጊዜው በሚወጣው ትልቅ ቅናሽ ሲካሱ፣ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ግን የወረደውን የሚገዛው ሻጩ ከፈቀደው መደብርና ሻጩ በወሰነው ዋጋ ነው።

በፈረንሳይ አንድ የሸማቾች ማኅበር ስቲም የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ መደብር ከስሶ፣ የፓሪስ ፍርድ ቤት በ2019 ዓ.ም. የወረደ ጨዋታም መልሶ መሸጥ አለበት ብሎ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው በ2022 ዓ.ም. ሻረው። የካሊፎርኒያ ግዛት ሌላ መንገድ መረጠ። ከጃንዋሪ 2025 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ የሚሠራ ነጋዴ፣ ደንበኛው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ካላስታወቀ በቀር በመደብሩ ላይ «ግዛ» የሚል ቃል መጻፍ ተከልክሏል።