ዕዳው ያለቀ ስልክ ቁልፉ የማን ነው?

ከዋሽንግተን፣ ከሲያትል ወይም ከዳላስ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚወርድ መንገደኛ ሻንጣው ውስጥ የሰው አደራ የሆነ ስልክ የማይገኝበት ቀን ጥቂት ነው። አንዱ ለእናቱ፣ አንዷ ለታናሽ እኅቷ፣ ሌላው ኮሌጅ ለገባ የአጎቱ ልጅ ይልካል። ተቀባዩ አደራውን በደስታ ይረከባል፤ ሲም ካርዱን ያስገባል፤ ስልኩ ግን «ይህን ሲም አልቀበልም» ብሎ ድርቅ ይላል። ከዚያ በኋላ መርካቶ ወርዶ ስልክ የሚከፍት ባለሙያ ፍለጋ ነው። ባለሙያው ከቻለ ገንዘቡን ተቀብሎ ይከፍተዋል። ካልቻለ ያ ሁሉ ዶላር የወጣበት የአሜሪካን ስልክ ፎቶ ማንሻ ሆኖ ይቀራል።

ለመሆኑ ይህን ቁልፍ ማን አስገባው? ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላስ ጌታው ማን ነው?

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ያህል፣ እያንዳንዱ ሲም ካርድ በሆዱ የያዘው ቁጥር አለ። የቁጥሩ መጀመሪያ የአገሩን መለያ፣ ቀጥሎ ያለው የኩባንያውን መለያ ይናገራል። የኢትዮጵያ መለያ 636 ነው፤ 01 ሲከተለው ኢትዮ ቴሌኮም፣ 02 ሲከተለው ሳፋሪኮም ነው። የተቆለፈ ስልክ ይህን ቁጥር አንብቦ ከሸጠው ኩባንያ ቁጥር ጋራ ያስተያያል፤ ካልገጠመ በሩን ይዘጋል። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። እንዳይሠራ ስለ ታዘዘ ብቻ ነው።

ኩባንያዎቹም የሚሉት አላቸው፤ ቃላቸውን ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም። ቀደም ባለው ጊዜ 649 ዶላር የሚያወጣውን አይፎን የሁለት ዓመት ውል ለፈረመ ሰው በ199 ዶላር ይሰጡ ነበር። ልዩነቱን ከወር ወሩ ሒሳብ ቀስ እያሉ ይለቅሙታል። ዛሬ ደግሞ ዋጋው በወር ተከፋፍሎ ይከፈላል። ታዲያ አንዱ የመጀመሪያውን ወር ብቻ ከፍሎ ስልኩን ባሕር ማዶ ቢሸጠው ኪሳራው የእኛ ነው ይላሉ። ሐሰት አይደለም፤ የሚያደርገው አለ። ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ ስለ መቆለፉ ከኩባንያዎቹ ጋራ ብዙ አልከራከርም።

የኔ ክርክር ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ታክሲ የምትነዱ ወገኖቼ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። መኪና በዕዳ የገዛ ሰው የባለቤትነቱን ወረቀት ባንኩ ይይዝበታል፤ የመጨረሻው ክፍያ ሲገባ ግን ባንኩ መብቱን ይለቃል። ዕዳ እያለበትም ቢሆን ቤንዚን ከየትኛውም ማደያ ይቀዳል። የስልክ ኩባንያ ግን ዕዳው ካለቀ በኋላም ቢሆን «ከእኔ ማደያ ብቻ ቅዳ፤ ካልፈለግህ መጥተህ ለምነኝ» ይላል።

ልመናውን እኔም ቀምሼዋለሁ። ስሙን ከማልጠራው አንድ ኩባንያ ስልክ በ24 ወር ክፍያ ወስጄ አንድም ወር ሳላጓድል ጨረስሁ። ደወልሁ። «ሒሳብዎ ንጹሕ ነው» አለችኝ ሴትየዋ። «እንግዲያው ክፈቱልኝ» ብላት፣ «መጀመሪያ ማመልከቻ ያስገቡ» አለችኝ። አስገባሁ። በሁለተኛው ቀን «መስፈርቱን አላሟላም» የሚል መልስ መጣ። የትኛውን መስፈርት? መልስ የለም። ሁለተኛ ደወልሁ፤ ሌላ ሰው አንሥቶ ታሪኩን ከአዳም ጀምሬ እንድነግረው ጠየቀኝ። በሦስተኛው ሳምንት ያለ አንዳች ማብራሪያ ተከፈተ። ስልኩን ለእናቴ ሊያደርስልኝ ቃል የገባው ጎረቤቴ ግን ዕቃውን ጭኖ በሮ ነበር። ያም ሆኖ እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው፣ ሁለት ሥራ የሚሠራና በስልክ መስመር ላይ አንድ ሰዓት የሚጠብቅበት ጊዜ የሌለው ወገን ይህን እንዴት ይወጣዋል? አብዛኛው ሰው ይተወዋል። ኩባንያውስ ቢሆን የሚጠብቀው ይህንኑ አይደለምን?

ሕጉ ምን ይላል ለሚል አንባቢ፣ ታሪኩ ጠመዝማዛ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1998 የወጣው የዲጂታል የቅጂ መብት ሕግ የተነሣበት ነገር ፊልምና ሙዚቃ ነበር፤ ነገር ግን የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ መስበርን በጅምላ ስለ ከለከለ ስልክም በዚያው ገባበት። በየሦስት ዓመቱ ከክልከላው ነጻ የሚሆነውን የሚወስኑት የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናቸው። አዎ፣ የመጻሕፍት ቤቱ ሹም! በ2006 ስልክ መክፈትን ፈቀዱ፤ በ2012 መጨረሻ ግን ፈቃዱን አነሡት። ከጃንዩወሪ 26 ቀን 2013 በኋላ የተገዛ ስልክን ያለ ኩባንያው ፈቃድ መክፈት ክልክል ሆነ። ይህን ለትርፍ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ ጥፋቱ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 500 ሺህ ዶላር መቀጫ ሊያገኘው ይችላል። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ከ114 ሺህ የሚበልጥ ሰው ለኋይት ሐውስ አቤቱታ ፈረመ። ኮንግረስም ባልተለመደ ስምምነት ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማ ኦገስት 1 ቀን 2014 ፈረሙበት።

ብዙ ሰው ከዚያ ወዲህ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። የ2014ቱ ሕግ ባለስልኩን ወይም እርሱ የወከለውን ሰው ቢከፍት አትከሰስም ይላል እንጂ ኩባንያውን ክፈት ብሎ አያስገድድም። የመክፈቻው ቁጥር ደግሞ ያለው በኩባንያው እጅ ነው! ኩባንያዎቹ በ2013 መጨረሻ በፈቃዳቸው ቃል ገብተዋል፦ ዕዳው ሲያልቅ እንከፍታለን፣ ቅድመ ክፍያ ስልክ ቢበዛ በአንድ ዓመት እንከፍታለን፣ ለጥያቄው በሁለት የሥራ ቀን መልስ እንሰጣለን ብለዋል። ቃሉ ጥሩ ነው። ቃል ግን ሕግ አይደለም።

ቬራይዘን ብቻ ከዚህ ለየት ያለ ነበር። በ2008 በገዛው የሬዲዮ ሞገድ የተነሣ ስልክ እንዳይቆልፍ ግዴታ ነበረበት፤ በ2019 ለ60 ቀን ብቻ እንዲቆልፍ ተፈቀደለት። በ2024 የመገናኛ ኮሚሽኑ ይህን የ60 ቀን ደንብ በኩባንያዎቹ ሁሉ ላይ ለመጣል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ደንብ ሆኖ ሳይወጣ በ2025 የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ተለወጠ፤ በጃንዩወሪ 2026 ጭራሽ ቬራይዘንም ከ60 ቀኑ ግዴታ ነጻ ወጣ። ወደ ፊት ሲባል ወደ ኋላ ማለት ይህ ነው።

በሌላው አገር ግን ተችሏል። ካናዳ ከዲሴምበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ አዲስ ስልክ ሳይቆለፍ እንዲሸጥ አዘዘች፤ የመክፈቻ ክፍያንም አስቀረች። እንግሊዝ አገር ከዲሴምበር 2021 ወዲህ ኩባንያዎች የተቆለፈ ስልክ እንዳይሸጡ ተከለከለ። ኩባንያዎቹ አልከሰሩም፤ ዛሬም ስልክ በወር ክፍያ ይሸጣሉ። ያልከፈለውን ሰው የሚይዙበት ብዙ መንገድ አላቸው፤ የክሬዲት ታሪኩን ያበላሹበታል፤ ስልኩንም በጥቁር መዝገብ ያስገቡበታል።

ቁልፉ ሌባን አስቀርቷል የሚለውም ቢሆን ያስቃል። በሲያትል ፍርድ ቤት በ2021 የ12 ዓመት እስራት የተፈረደበት አንድ ሰው የኤይቲ ኤንድ ቲን ሠራተኞች በጉቦ ገዝቶ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ስልክ አስከፍቷል። ኩባንያው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣሁ ብሏል። ዋናው ሌባ ቁልፉን ከውስጥ አስወጥቶታል፤ በር ላይ የቀረው ዕዳውን የከፈለው ጨዋ ደንበኛ ነው።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ የመጨረሻው ክፍያ በገባበት ዕለት ስልኩ ያለ ጥያቄና ያለ ማመልከቻ በራሱ ይከፈት። ወር ቆጥሮ ገንዘብ የሚወስደው ኮምፒዩተር ወሩ ማለቁንም ያውቃል።

እስከዚያው ድረስ የምትልኩ ሁሉ ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት እዩት። አይፎን ከሆነ በሴቲንግስ ውስጥ ጄኔራል፣ ከዚያም አባውት ሲከፈት «ኬሪየር ሎክ» የሚል መስመር አለ፤ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ክፍት ነው። የአፕል አካውንታችሁንም ከስልኩ አውጡ፤ ያኛው ሌላ ቁልፍ ነው፤ የስልክ ኩባንያ ሊከፍተው አይችልም። የዕቃ አገልግሎት ሱቅ የሸጠላችሁ ያገለገለ ስልክ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ዕዳ እንዳልተወበት አረጋግጡ። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ከአይፎን 14 ወዲህ፣ ማለትም ከ2022 ጀምሮ፣ እዚህ አሜሪካ የሚሸጡት አዳዲስ አይፎኖች ሲም ካርድ ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢ-ሲም ብቻ ነው። ቁልፉ ቢከፈትም እናት በእጃቸው ያለችውን ሲም የሚያስገቡበት ቦታ የለም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አዲስ አበባ ደውላችሁ ኢ-ሲም ያወጡላቸው እንደሆነ ጠይቁ።